የ2025 የሆሊውድ ፊልሞች፦ የቱን ሲኒማ ቤት፣ የቱን ሶፋ ላይ፣ የቱንስ ባናይ ይሻላል?

ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር ስልኬ ላይ አንድ ጥያቄ አይጠፋም፤ «ምን እንይ?» ከአክስት ልጅም ይመጣል፣ ከሥራ ባልደረባም። ባለሙያ ሆኜ አይደለም። ትኬት ቆርጦ የሚገባ፣ ሲደብረው የሚነጫነጭ፣ ሲመቸው ደግሞ ያገኘውን ሰው ሁሉ «ካላየኸው አንተዋወቅም» የሚል ተራ ተመልካች ነኝ። ስለዚህ እዚህ ያለው ሁሉ የግል አስተያየት ነው። የማይስማማ ይከራከረኝ።

ከ10 ስንት የሚባለውን ነጥብ አልሰጥም። 7 ከ10 ያገኘ ፊልም ለእናንተ ለዛሬ ማታ ይሁን አይሁን በምን ታውቃላችሁ? ከሥራ ደክማችሁ ገብታችሁ ይሆናል። ከልጆች ጋር ትሆናላችሁ። ወይ ደግሞ ገና ሁለተኛ ቀጠሯችሁ ነውና መሀል ላይ አንገት የሚያስደፋ ነገር ዱብ እንዲልባችሁ አትፈልጉም። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይሄን ፊልም ስልኬ ላይ ባየው ምን ይቀርብኛል? ብዙ የሚቀር ከሆነ ትኬት ይገባዋል። ምንም የማይቀር ከሆነ ትንሽ ታግሶ ቤት ማየት ነው፤ ለፈንዲሻና ለለስላሳ የሚወጣው ገንዘብም ይተርፋል።

አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ አንድ ጥያቄ ልጨምር። ትርጉም ፊልም ሆኖ ቢመጣ ይተርፋል ወይ? ትርጉም ፊልም አልንቅም። እንግሊዝኛ ለማይሰማ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ አንዳንዱ ተራኪ እንደውም ከፊልሙ በላይ ያስቃል። ግን ተራኪው ከላይ ሲያወራበት ምንም የማይሆን ፊልም አለ፤ ድምፁ ሲሸፈን አብሮ የሚሞትም አለ። ልዩነት የሚያመጣበት ፊልም ላይ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

ደግሞ አትስጉ፣ ታሪክ አላበላሽም። መጨረሻውን የምናገርበት ፊልም አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ከመናገሬ በፊት አስጠነቅቃለሁ።

«ኤፍ ዋን» ወይስ «ሚሽን ኢምፖሲብል»?

አንዱ ግንቦት ሌላው ሰኔ ላይ ነው የወጡት። ሁለቱም ላይ የምታዩት 60 ዓመት ያለፈው ሰውዬ «ገና ነኝ» እያለ ሞትን ሲተናኮል ነው። ብራድ ፒት በመኪና፣ ቶም ክሩዝ በአውሮፕላን ክንፍ።

የ«ኤፍ ዋን» ታሪክ አዲስ ነገር የለውም። በ90ዎቹ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ሾፌር አደጋ ደርሶበት ከውድድሩ ወጣ። ዘመን አለፈ። ነጥብ ማግኘት ያቃተው ቡድን ጠራው። እዚያ ጎበዝ ግን ትዕቢተኛ የሆነ ወጣት ሾፌር አገኘ። የቀረውን እናንተው ጨርሱት፤ አትሳሳቱም።

ግን ዳይሬክተሩ ጆሴፍ ኮሲንስኪ ነው፣ በ2022 «ቶፕ ጋን፦ ማቨሪክ»ን የሠራው ሰውዬ፣ እና ይሄ ሰው ፍጥነትን እንዴት እንደሚያሳይ ያውቅበታል። ብዙው ቀረጻ የተሠራው እውነተኛው የፎርሙላ 1 (ኤፍ ዋን) የመኪና ውድድር በሚካሄድባቸው ቀናት፣ እዚያው ሜዳው ላይ ነው። ብራድ ፒትና ዳምሰን ኢድሪስ ራሳቸው ነድተዋል፤ መኪኖቹ ከሱ አንድ ደረጃ ዝቅ የሚለው የፎርሙላ 2 ሆነው በመርሴዲስ እገዛ የፎርሙላ 1 መልክ እንዲይዙ የተደረጉ ናቸው። ሉዊስ ሀሚልተንም ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ነው።

ይሄ ሁሉ ወሬ ስክሪኑ ላይ ምን ሆነ? ካሜራው ፒት ፊት ላይ ነው። ከሄልሜቱ ውስጥ የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነው። ከዚያ ሳይቆረጥ ዞር ይልና መንገዱን ያሳያችኋል፤ ኩርባው እየመጣ ነው፣ ፍሬኑ ገና አልተያዘም። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ቀኝ እግሩን ወለሉ ላይ ሲረግጥ አየሁት። ፍሬን እየያዘልን ነው! ሳቄን ልለቀው ስል እኔም ወንበሩን አንቄ መያዜን አየሁ። የሞተሩ ድምፅ በጆሮ አይደለም የሚገባው፤ ደረት ላይ ነው የሚያርፈው።

ስልክ ላይ ይሄ ሁሉ ይጠፋና የሚቀራችሁ ታሪኩ ነው። ታሪኩን ደግሞ ነግሬያችኋለሁ። ስለዚህ «ኤፍ ዋን» ወይ ትልቅ ስክሪን ነው ወይ ይቅር። የመኪና ውድድር ባታውቁም ግድ የለም፤ ፊልሙ ውስጥ ያሉት የውድድር አስተላላፊዎች ሁሉን ነገር እንደ እንግዳ ያስረዷችኋል። የሚናደዱት የሚያውቁት ናቸው። ፒት ሆን ብሎ እየተጋጨ ለጓደኛው መንገድ የሚከፍትባቸው ቦታዎች አሉ፤ እውነተኛ ዳኛ ቢሆን በማግስቱ ፈቃዱን ይነጥቀው ነበር። ትርጉም ላይም ችግር የለውም፤ መኪና ሲሮጥ ምን ይተረጎማል።

«ሚሽን ኢምፖሲብል፦ ዘ ፋይናል ሬከኒንግ» ደግሞ በ1996 የጀመረው ተከታታይ 8ኛው ነው። ርዝመቱ 2 ሰዓት ከ49 ደቂቃ። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ወገብ ይቆርጣል። ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየተነሳ ዓለም ልትጠፋ መሆኑን በሹክሹክታ ያስረዳል። አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርስለታል። መሀል ላይ ከድሮዎቹ ፊልሞች የተቆረጡ ምስሎች እየገቡ «ይሄን ታስታውሳላችሁ?» ይሏችኋል። ጠላቱ «ኤንቲቲ» የሚባል አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው። ፊት የለው፣ እጅ የለው። የሚጠላ ሰው አጥተን ቁጭ አልን።

ከዚያ ሁለት ትዕይንቶች ይመጡና ሁሉን ያስረሷችኋል። የመጀመሪያው ባሕር ወለል ላይ የሰመጠ የሩሲያ ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ነው። ቶም ክሩዝ ብቻውን ይገባል። መርከቡ መንከባለል ይጀምራል። ወለል የነበረው ግድግዳ ይሆናል፣ ግድግዳው ጣሪያ ይሆናል፣ ቶርፔዶዎቹ ከቦታቸው ተነቅለው ይንሸራተታሉ። አንድ ሰው አይናገርም። ይሄ ሁሉ ማብራሪያ ለምን አስፈለገ ታዲያ? ሁለተኛው የአውሮፕላኑ ነው፤ ድርብ ክንፍ ያለው አሮጌ አውሮፕላን፣ ክሩዝ እላዩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ነፋሱ ጉንጩን ወደ ኋላ ጎትቶ መልኩን ሁሉ አጥፍቶበት። ውሸት አለመሆኑን ስለምታውቁ እጃችሁ ያልባችኋል።

ሁለቱን ሳወዳድር፦ ለትኬት «ኤፍ ዋን»። «ሚሽን»ን ቤት እዩት፣ ያውም ቡና እየተፈላ። ሁለተኛው ሲጠጣ ሰርጓጅ መርከቡ ይደርሳል፤ ያኔ ስኒያችሁን አስቀምጡ። ግን የ2023ቱን ክፍል ሳታዩ አትጀምሩት፤ ስሞቹ ብቻ ያደናግሯችኋል።

ሆረር ካማራችሁ፦ «ሲነርስ» ወይስ «ዌፐንስ»?

እዚህ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ፊልም እዚህ ነው ያለው። «የሰይጣን ፊልም አላይም» የምትሉ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም አንብቡት።

«ሲነርስ» የራያን ኩግለር ነው፤ «ብላክ ፓንተር»ን የሠራው። ጊዜው 1932፣ ቦታው ሚሲሲፒ። ስሞክና ስታክ የሚባሉ መንትዮች ከቺካጎ ገንዘብ ይዘው ወደ ተወለዱበት ይመለሱና አንድ አሮጌ የእንጨት መሰንጠቂያ ገዝተው ለጥቁሮች ጭፈራ ቤት ሊከፍቱ ይነሳሉ። ሁለቱንም የሚሠራው ማይክል ቢ. ጆርዳን ነው። ትንሽ ቆይታችሁ አንድ ሰው መሆኑን ትረሱታላችሁ። አንዱ ቁጥብ፣ አንዱ ፈገግተኛ፤ አቋቋማቸው እንኳ ይለያያል።

ብዙ ሰው «መጀመሪያው ይንቀራፈፋል» ይላል። ለእኔ ምርጡ ክፍል እሱ ነው። መንትዮቹ ሰው እየሰበሰቡ ይዞራሉ፤ ፒያኖ ተጫዋቹን፣ ምግብ የምትሠራዋን፣ በር ላይ የሚቆመውን። አንድ ቦታ አለ። መንገዱ ወዲህ ያለው ሱቅ ለጥቁሮች ነው፣ ወዲያ ያለው ለነጮች፣ ባለቤቶቹ ግን የአንድ ቻይናዊ ቤተሰብ ሰዎች ናቸው። ልጅቷ ከአንዱ ወጥታ መንገዱን ተሻግራ ሌላው ትገባለች፤ እናቷ ደግሞ ከዚያ ወጥታ መልሳ ትሻገራለች፤ ካሜራው ሳይቆረጥ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። ስለ ዘር መድልዎ አንድ ቃል የተናገረ የለም። በእግር ተሻግረው አሳዩን።

ሳሚ የሚባለው ወጣት የሰባኪ ልጅ ነው። ብሉዝ የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ በጊታር ይጫወታል፤ አባቱ «ጣለው» ይለዋል። ዘፈን ኃጢአት በሆነበት ቤት ያደገ ሀበሻ ይሄን ጭቅጭቅ ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም። ታዲያ ይሄ ልጅ ማታ ጭፈራ ቤቱ ውስጥ መጫወት ሲጀምር፣ ጊዜው ይደባለቃል። ከጎኑ የአፍሪካ ከበሮ መቺዎች ይመጣሉ፣ ወዲያ ደግሞ የኤሌክትሪክ ጊታር የያዘ ሰው፣ ዲጄ፣ ሂፕሆፕ የሚጨፍሩ ልጆች፣ የቻይና ባህላዊ ልብስ የለበሱ፣ ያለፈውም የሚመጣውም በአንድ ክፍል፣ ካሜራው ደግሞ በመሀላቸው ይሾልካል፣ ጣሪያው ይነዳል። በወረቀት ላይ ቢነገረኝ «ቀሽም ሐሳብ» እል ነበር። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ግን ፈንዲሻ የሚያኝክ ሰው ድምፅ እንኳ ጠፋ። ሙዚቃው የሉድቪግ ዮራንሰን ነው፤ ሳሚን የሚሠራው ማይልስ ኬተን ደግሞ ዘፋኝ ነው፣ የመጀመሪያ ፊልሙ።

ከዚያ ደም መጣጮቹ ቫምፓየሮች ይመጣሉ። እንደ ድሮው ደንብ ካልተጋበዙ ቤት መግባት አይችሉም፤ በር ላይ ቆመው በትሕትና ይለማመጣሉ። እኛ ቤት ቢሆን ፊልሙ እዚያው ያልቅ ነበር። «ግቡ እንጂ፣ ምነው በር ላይ? ምሳ ሳትበሉማ አትሄዱም!»

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ የተዋንያኑ ስም መውረድ ሲጀምር እንዳትነሱ። ወሳኝ ትዕይንት ከዚያ በኋላ አለ፤ ስንት ሰው ጃኬቱን ለብሶ ሲወጣ አይቼ አንጀቴ አረረ። ሁለተኛ፣ ከአባታችሁ ጋር አትዩት። ደሙ ሳይሆን ሌላው ነው የሚያሸማቅቃችሁ። ለልጆችም አይሆንም።

ይሄን ስልክ ላይ ማየት በደል ነው። ከፊሉ የተቀረጸው ለግዙፍ ስክሪን በሚሆነው በአይማክስ ፊልም ስለሆነ፣ አይማክስ አዳራሽ ውስጥ ምስሉ ቦታ ቦታ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይሰፋል። ትርጉም ላይ ደግሞ ይሞታል። ተራኪው «አሁን ልጁ እየዘፈነ ነው» ሲላችሁ ዘፈኑ የት ይሄዳል?

«ዌፐንስ» ሌላ ዓይነት ነው። አንድ ሌሊት 2:17 ላይ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከአንድ ክፍል 17 ልጆች ከአልጋቸው ተነስተው በር ከፍተው፣ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ጨለማው ይሮጣሉ። ከክፍሉ የቀረው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ወላጆች መምህሯ ላይ ይነሳሉ። ከዚያ ታሪኩ በምዕራፍ በምዕራፍ ይሄዳል፤ አንዴ በመምህሯ ዓይን፣ አንዴ በአንድ አባት፣ አንዴ በፖሊሱ። ያው ቀን ሌላ ሆኖ ይመጣል። ዳይሬክተሩ ዛክ ክሬገር መቼ እንደሚያስደነግጥ፣ መቼ እንደሚያስቅ ያውቃል። ኤሚ ማዲጋን የምትባል አንጋፋ ተዋናይት አለች። ስለ እሷ ምንም አልልም፤ ስትመጣ ታውቋታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ፀጉሯን የቀባች አሮጊት ባያችሁ ቁጥር ትንሽ ትሸሻላችሁ።

ይሄኛው ጥንካሬው ጽሑፉ ነው፣ ስለዚህ ቤት ብታዩት ብዙ አይቀርባችሁም። ግን ብቻችሁን አይሁን። ጓደኞች ጠርታችሁ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ ስልክ ሌላ ክፍል አስቀምጣችሁ። ትሬለሩንም አትዩት።

እኔ የምለው፦ አንድ ትኬት ብቻ ካላችሁ «ሲነርስ»። «ዌፐንስ» ያዝናናል፣ አስደንግጦ ይለቃችኋል። «ሲነርስ»ን ካየሁ በኋላ ግን ሳምንቱን ሙሉ መኪና ውስጥ የድሮ ብሉዝ ነው የከፈትኩት።

ቁም ነገር የሚወድ ሰው፦ «ዋን ባትል አፍተር አናዘር»

ይሄ የፖል ቶማስ አንደርሰን ነው፤ መስከረም መጨረሻ የመጣው። ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ ድሮ ታጣቂ አብዮተኛ የነበረ፣ አሁን ስሙን ቀይሮ፣ ሴት ልጁን ይዞ የተደበቀ፣ ሲያጨስ የሚውል አባት ሆኖ ይሠራል። የድሮ ጠላቱ ኮሎኔሉ ሲመጣባቸው ልጅቷ ትጠፋለች። አባትየው በሌሊት ልብሱ ላይ ጋውን ደርቦ ሊያድናት ይወጣል። ፊልሙን ሙሉ ያንን ጋውን አያወልቅም ማለት ይቻላል።

ኮሜዲ ነው? ትሪለር ነው? ሁለቱንም ነው። ስልክ የሚደውልበት ቦታ አለ። የድሮ ጓዶቹ ጋ ደውሎ የት እንደሚገናኙ ሊጠይቅ ነው። እነሱ ደግሞ የይለፍ ቃሉን ይጠይቁታል። ረስቶታል! ይለምናል፣ ይሳደባል፣ ስንት ዓመት እንደታገለ ይቆጥራል። በዚያኛው በኩል ያለው ልጅ ድምፁን እንኳ ሳይቀይር «ያለ ይለፍ ቃሉ ልረዳዎት አልችልም» ዓይነት መልስ ይሰጠዋል። በዚያ ላይ የስልኩ ባትሪ እያለቀ ነው። ከደንበኞች አገልግሎት ጋር ስልክ ላይ የተሟገተ ሰው ሁሉ እዚህ ጋ በሳቅ ይሞታል።

ግን እኔን የያዘኝ ሌላው ሰውዬ ነው፤ ቤኒሲዮ ዴል ቶሮ የሚሠራው የካራቴ አስተማሪ። ወታደሮቹ ከተማዋ ውስጥ ገብተው ወረቀት የሌላቸውን ስደተኞች እያሳደዱ ነው። ዲካፕሪዮ ይጮኻል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። ይሄኛው ግን በሩን ይከፍታል፣ ምንጣፉን ገለጥ ያደርጋል፣ ቤተሰቦቹን በመደዳ በስውር መውጫ ያሳልፋል፣ በመሀል ለዲካፕሪዮ ሰዎቹን በየስማቸው ያስተዋውቀዋል። ምንም አይቸኩልም። አሜሪካ ውስጥ የወረቀት ነገር በየቤቱ በሹክሹክታ የሚወራበት ማኅበረሰብ ውስጥ የምንኖር ሰዎች እዚህ ጋ እንደ ሌላው ተመልካች አንስቅም። እንዲህ ዓይነት ሰው እናውቃለን። አብዮተኛ ነኝ አይልም፣ ግን አልጋ ሰጥቶ ያሳደረው ሰው ብዛት።

ችግሩ አጀማመሩ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይዋከባል፤ ፍንዳታው፣ ወሲቡ፣ ጩኸቱ ተደራርቦ «ምን ውስጥ ነው የገባሁት?» ያሰኛል። ታገሱት። ደግሞ የልጅቷን እናት የምትሠራውን፣ ያንን ሁሉ እሳት የያዘችውን ቴያና ቴይለርን ቶሎ አወጣብን፤ እሷ ስትሄድ ፊልሙ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ወደ መጨረሻ በረሃ ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚል መንገድ ላይ የሚደረግ የመኪና ማሳደድ አለ፤ የፊቱ መኪና ጉብታው ላይ ይታይና ይሰወራል፣ ይታይና ይሰወራል፣ ሆዳችሁ አብሮ ይወርዳል። እሱ ብቻ ትልቅ ስክሪን ያስገዛል። 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከ«ሚሽን ኢምፖሲብል» ብዙም አያንስም፣ ግን ሰዓት አላየሁም።

ከ«ሲነርስ» ጋር ሲነጻጸርስ? ይሄኛው በአሠራር ይበልጥ የተዋጣለት ሊሆን ይችላል። ግን ፖለቲካ የሚያሰለቸው ሰው፣ ወይ ከሥራ ደክሞ የመጣ ሰው «ሲነርስ»ን ይምረጥ። ዜና ማየት የማይተው፣ ከፊልም በኋላ ምግብ ቤት ቁጭ ብሎ መከራከር የሚወድ ሰው ይሄኛውን። ትርጉም ላይ አትሞክሩት፤ ቀልዱ ሁሉ አነጋገሩ ላይ ነው።

ሱፐርሂሮ

በአጭሩ። «ሱፐርማን» እና «ፋንታስቲክ ፎር፦ ፈርስት ስቴፕስ» ሁለቱም ሐምሌ ላይ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት ወጡ። «ሱፐርማን» የጄምስ ገን ነው። ደማቅ ነው፣ ደግ ነው፣ ዴቪድ ኮረንስዌት ለሚናው ተመችቷል፣ ኒኮላስ ሆልት በቅናት የሚያርር ጠላቱ ሌክስ ሉተር ሆኗል። ክሪፕቶ የሚባለው ባለጌ ውሻ ፊልሙን ሰርቆታል። ሰዉ ግን በዛ፤ ማን ማን እንደሆነ ሳላውቅ አለቀ። «ፋንታስቲክ ፎር» በአንጻሩ ያጠረ፣ የተስተካከለ፣ በ60ዎቹ ስታይል ያማረ ነው። ዕቃው፣ ልብሱ፣ ቀለሙ ዓይን ይስባል። ሆኖም ከሳምንት በኋላ አንድ ትዕይንት ንገረኝ ብትሉኝ ጠፈር ላይ ካለው የምጥ ትዕይንት ሌላ የሚመጣልኝ የለም። 10 ዓመት ገደማ ልጅ ካላችሁ «ሱፐርማን»። ሌላው ቤት ይደርሳል፣ ምንም አትቸኩሉ።

ከልጆች ጋር

ሦስቱን ላወዳድር። «ሀው ቱ ትሬን ዩር ድራገን» የ2010ሩ አኒሜሽን በሰው ተዋንያን ድጋሚ የተሠራ ነው፣ ዳይሬክተሩም ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ዳይሬክተሮች አንዱ ዲን ዴብሎይስ። አዲስ ነገር የለውም፤ ትዕይንቱ ሁሉ ያው ነው። ልጁ ድራገኑ ላይ ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበርበት ቦታ ግን በትልቅ ስክሪን ልጆችን አፍ ያስከፍታል። አባቶችንም። ትንንሾቹ ግን መጨረሻ አካባቢ ከሚመጣው ግዙፍ ድራገን ሊሸሹ ይችላሉ።

«ኬፖፕ ዲመን ሀንተርስ» ኔትፍሊክስ ላይ ነው፤ የኔትፍሊክስ ታሪክ ውስጥ በብዛት የታየ ፊልም ሆኗል። ሦስት የኮሪያ ዘፋኝ ሴቶች ሌሊት አጋንንትን እያሳደዱ ይገድላሉ። ስሙን ሰምታችሁ «ምን ዓይነት ነገር ነው ልጆቼ የሚያዩት?» ያላችሁ ወላጆች አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ እዩት። የዋናዋ ልጅ ጉዳይ የምታፍርበትን ነገር ከጓደኞቿ መደበቋ ነው፤ ከልጅ ጋር የሚወራ ነገር ይወጣዋል። ዘፈኖቹ ጆሮ ላይ ይጣበቃሉ። «ጎልደን» የሚለውን ዘፈን ሳትፈልጉ በቃላችሁ ትይዙታላችሁ፣ ይሄን አሁኑኑ ተቀበሉት።

«ሊሎ ኤንድ ስቲች» ላይ ነው የምከራከረው። መጨረሻውን የምናገረው እዚህ ነው፤ ያላየ ሰው ይሄንና ቀጣዩን አንቀጽ ይዝለል። ታሪኩ ሃዋይ ውስጥ ነው፤ ወላጆቻቸው የሞቱባቸው ሁለት እህትማማቾች፣ ታላቂቱ ናኒ ትንሿን ሊሎን ለማሳደግ ትታገላለች። በ2002ቱ አኒሜሽን ላይ አብረው ይቀራሉ። በአዲሱ ግን ናኒ ሊሎን ለጎረቤታቸው ትታ ሳን ዲዬጎ ለትምህርት ትሄዳለች። ብዙ ሰው ተናደደ። «እህቷን ጥላ ሄደች» ተባለ።

እኔ ግን ናኒ ልክ ናት ባይ ነኝ። በየቤታችን ታናናሾቿን ለማሳደግ ከትምህርቷ የቀረች፣ በኋላ ሁሉም ተምረው ሲመረቁ ፎቶው ላይ ዳር ቆማ ፈገግ የምትል ታላቅ እህት የለችም? ማነው «አንቺስ?» ብሎ የጠየቃት? ጎረቤት ልጅ ሲያሳድግ ደግሞ ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ ስንቱ ጎረቤት እያጎረሰው ነው ያደገው። ፊልሙ ያጠፋው ውሳኔውን ቶሎ ቶሎ ማለፉ ነው። ትንሽ ቢያለቅሱበት ኖሮ ያን ያህል ሰው አይቆጣም ነበር።

እንግዲህ ለሲኒማ ቤት ድራገኑ፣ ለቤት የኮሪያዎቹ፣ ታላቅ እህት ላለችበት ቤት ደግሞ «ሊሎ»።

የአቤል ነገር

ይሄን ካልጻፍኩ አትለቁኝም። «ሃሪ አፕ ቱሞሮው» ግንቦት ላይ የወጣው የዘ ዊኬንድ ፊልም ነው። አቤል ተስፋዬ፣ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ቶሮንቶ የተወለደው፣ በአማርኛ አፉን የፈታው የኛ ልጅ። መነሻው እውነት ነው፤ በ2022 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስንት ሺህ ሰው ፊት መድረክ ላይ ድምፁ ጠፍቶበት ኮንሰርቱን አቋርጦ ነበር። ፊልሙ ላይ ራሱን ሆኖ ይሠራል፤ ዳይሬክተሩ ትሬይ ኤድዋርድ ሹልትስ ነው።

በአገር ልጅነት ገባሁ፤ በአገር ልጅነት እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ። ምስሉ ያምራል፣ ድምፁ ያምራል። መድረክ ላይ ሊወጣ ሲል ያለው ጭንቀት እውነት ይመስላል። ማኔጀሩን የሚሠራው ባሪ ኪኦገን አቤልን በትወና ይውጠዋል፣ ያስቃል። ከዚያ ግን ታሪክ የሚባል ነገር ውሃ ሆኖ ይፈሳል። ጄና ኦርቴጋ አቤልን አልጋ ላይ አስራ የራሱን ዘፈኖች እየከፈተች፣ እየደነሰች፣ ትርጉማቸውን ታስረዳዋለች። ዘፈኑን ለዘፋኙ! እሱ ያለቅሳል፣ እኛ ሰዓት እናያለን። ትወናው ደግሞ ሲጨነቅም ሲናደድም ያው አንድ ፊት ነው።

«የኛ ልጅ ስለሆነ እንየው» የምትሉ፣ ሐሳባችሁ ይገባኛል፣ እኔም ያው ነኝ። ግን በተመሳሳይ ስም ጥር ላይ የወጣ አልበም አለው። ከፊልሙ ያጥራል፣ ታሪኩም የበለጠ ይገባል፣ ጆሮ ላይ ማድረጊያ ካላችሁ ደግሞ ትኬት አያስፈልገውም። ከሁለቱ አልበሙን። ፊልሙን ግድ ካላችሁ ቤት፣ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ።